ከመሬት የወጣ ቃጭል፦ ሎሚና አመድ ከመነካቱ በፊት

እርሻ ሲታረስ ወይም መሠረት ሲቆፈር የሚወጣ የከብት ቃጭል መጀመሪያ የሚገጥመው አደጋ በሎሚና በአመድ መታሸት ነው። ያብለጨልጫል፤ የሚናገረው ነገር ግን ከእጣቢው ጋር ይደፋል።

ማግኔት ይቅደም። ከሳበው ብረት ነው። ዝጎ ያለቀ ብረት ግን በደካማው ስለሚስብ ቸኩሎ «ነሐስ ነው» ማለት አይገባም። የብረት ቃጭል ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ላሜራ ታጥፎ፣ ጎኑ በሪቬት (በተቀጠቀጠ የብረት ችንካር) ተይዞ ነው። ቡናማው ዝገት ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ካለ መጋጠሚያው በናስ (በመዳብና ዚንክ ቅይጥ) የተደፈነ ሊሆን ይችላል፤ የናስ ቁርጥራጭ ተደርጎበት፣ በጭቃ ተለብጦ እሳት ሲገባ ናሱ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ቀልጦ ክፍተቱን ይሞላል። በፖርቱጋል አልካሶቫሽ ዛሬም በተመሳሳይ ዘዴ ይሠራል፤ ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። መሬት ውስጥ ቀድሞ የሚበላው ብረቱ ነው፣ ናሱ እንደ ቅርፊት ይቀራል። ያንን ቅርፊት ዝገት መስሎት የሚፍቅ ብዙ ነው።

ሪቬት የሌለው፣ በቅርጽ የፈሰሰ ነሐስ ከሆነ አይቃጨል። ቲን (ቆርቆሮ የሚባለው ማዕድን) የበዛበት ነሐስ ተሰባሪ ነው፤ የማይታይ ስንጥቅ ካለው በአንድ ምት ይከፈላል።

ቀጥሎ ጆሮው። ጠፍሩ የተንጠለጠለበት ቦታ በልቶ ከሳሳ ቃጭሉ ብዙ አገልግሏል። የመዳብ ዝገት ተሐዋስያንን ስለሚገድል የጠፍሩ ጭረት አንዳንዴ እዚያው ተጣብቆ ይገኛል፤ በአጉሊ መነጽር ሳይታይ አይቦረሽ። ከንፈሩ ላይም ምላሱ የመታበት ሁለት ትይዩ ጉድጓድ ይፈለግ።

ውስጡ ያለው አፈር አይጣል። በቀርከሃ ስንጥር ቀስ ብሎ ወጥቶ በወረቀት ላይ ይበተንና በፌስታል የተጠቀለለ ማግኔት ይለፍበት። የወደቀው ምላስ ስብርባሪ ፌስታሉ ላይ ይለጠፋል፤ ማግኔቱ ወጥቶ ፌስታሉ ሲገለበጥ ሁሉም ይራገፋል። ማግኔቱ ባዶውን ከሆነ ግን ብናኙን ማላቀቅ ፈተና ነው።

ክብደት በግራም፣ የአፉ ስፋት በሁለት አቅጣጫ፣ ውፍረቱ በሦስት ቦታ በካሊፐር ይመዝገብ። ከጥይት ቀለህ የተሠራ ከሆነ ቂጡ ላይ ዓመት ሊነበብ ይችላል፤ ቃጭሉ ከዚያ ዓመት አይቀድምም።

ጥልቀትን ማመን ያስቸግራል። ወሎ ውስጥ ጃማና ደላንታ ያለው መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ትናንሽ ዕቃ በስንጥቁ ይወርዳል። ደግሞም የግመል ቃጭል፣ ባቲ ገበያ ላይ እንደሚታየው ዓይነት፣ ከእንጨት ሊሠራ ይችላል፤ እንጨት በቶሎ ስለሚበሰብስ አንድ መንገድ ላይ የብረት ቃጭል አልተገኘም ማለት ግመል አላለፈበትም ማለት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ እንዳለ ተጠብቆ ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲነገር ያዝዛል፤ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርም ያለ ፈቃድ ክልክል ነው።

ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ነሐሱ ላይ ብቅ ካለ ጨው ገብቶበታል፣ እርጥበት ካገኘ ይበላዋል። ለብቻው በሚከደን ዕቃ፣ እርጥበቱ ከ40 በመቶ በታች ሆኖ ይቀመጥ። ከጫማ ካርቶን የወጣ ሲሊካ ጄል ብዙውን ጊዜ እርጥበት ጠጥቶ የጠገበ ነው፤ አዲስ ይገዛ።