የ12 ሳንቲሟ መጽሔት

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ትንሽ የኮሚክ (ታሪክን በሥዕል የሚተርኩ መጽሔቶች) ሱቅ አለችኝ። ትናንት አንድ ጡረተኛ ሰውዬ ከምድር ቤታቸው ያገኙትን፣ ኮሚክ የሞላበት ካርቶን ተሸክመው መጡ።

ከላይ ያሉት እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ ናቸው። ያኔ ሰው ሁሉ "ሀብታም ያደርገኛል" እያለ ገዝቶ ስላስቀመጠ፣ ዛሬ አብዛኞቹ የቡና እንኳ አያወጡም።

ከስር ግን ፋንታስቲክ ፎር ቁጥር 52 ብቅ አለች! እ.ኤ.አ. የ1966ቷ፣ ብላክ ፓንተር የተባለው ልዕለ ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ የታየባት። የሽፋኗ ጥግ ታጥፏል። የስቴፕለር ሽቦዋ ዝጓል። ወረቀቷም ቢጫ ሆኗል፤ ርካሽ ወረቀት ውስጡ ያለው አሲድ ነው ቀስ እያለ የሚበላው። "12 ሳንቲም" የሚለው ግን አሁንም ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

እጄ ተንቀጠቀጠ ብላችሁ እንዳትስቁብኝ። ደስታው ፊቱ ላይ የሚነበብበት ነጋዴ መክሰሩ አይቀርም፤ እኔም አልቀረልኝም። ሰውዬው አየት አደረጉኝና፣ "አንተ እንዲህ ከሆንክማ ለልጅ ልጄ ነው የማስቀምጣት" አሉ።

ምን እላለሁ? አሲድ የሌለው ካርቶን ከጀርባዋ አድርጌ፣ ላስቲክ ውስጥ ከትቼ ሰጠኋቸው። በነፃ።

የ1990ዎቹን ግን ጥለውልኝ ሄዱ።