ቤዛ ዋላችሁ

ጅማ መርካቶ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ታይፕ እጽፋለሁ። ማመልከቻ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የዕድር ደንብ፣ የሠርግ ጥሪ። አናማርጥም፤ የመጣውን እንተይባለን። ከደንበኞቻችን መካከል ግን አንድ ለየት ያሉ ሰው አሉ። ደራሲ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር። እሳቸው በሌሉበት አባ ደብተር እንላቸዋለን። የድሮ የጅማ ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራው፤ አባ ጅፋርም የፈረስ ስም ነው። የእኛ ሰውዬ ፈረስ የላቸውም፤ ደብተር አላቸው። ፊት ለፊት ግን "ጋሼ" ነው የምንለው።

ደብተሮቹ ሦስት ናቸው። ቀዩ የፍቅር፣ ሰማያዊው የወንጀል፣ ባለ ጠንካራ ሽፋኑ ጥቁር ደግሞ የታሪክ። ሦስቱንም በአንድ ፌስታል ይዘው ይመጣሉ። የጅማ ዝናብ አይታመንምና ፌስታሉ ድርብ ነው።

አንድ ቀን፣ "ጋሼ፣ እንዴት ሦስቱም አይደበላለቁብዎትም?" አልኳቸው።

"አንቺ የገበሬ ልጅ አይደለሽም እንዴ? በቆሎ የበላው መሬት ላይ ባቄላ ይዘራል። እኔም ፍቅር ሲያደክመኝ ሰው እገድላለሁ።"

ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ ጥግ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ ቀና ብሎ አያቸው።

ለየደብተሩ የተለየ ቦታ አላቸው። ለፍቅሩ ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ይሄዳሉ። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ሰዓት ተሰነባባች አይጠፋም። ሻያቸውን ይዘው የሚያዩት ፊት አይደለም፤ እጅ ነው። ሸኚው እጁን ከመስኮቱ ላይ የሚያነሳው ሞተሩ ሲነሳ ነው ወይስ አውቶብሱ ሲንቀሳቀስ? እሱን ይጽፋሉ። ለታሪኩ ጅሬን ይወጣሉ። ከከተማው ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በባጃጅ ሄደው በእግር ይመለሳሉ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳ ላይ ቆመው ቁልቁል ከተማውን እያዩ፣ አንድ በአንድ ያጠፉታል። መጀመሪያ ቆርቆሮውን፣ ቀጥሎ አስፋልቱን፣ ከዚያ የመብራት ምሰሶውን። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1878 ዙፋን ላይ ሲወጡ ያልነበረው ሁሉ ሲያልቅ እስክሪብቶ ያነሳሉ።

ወንጀሉ ሁልጊዜ ኅዳር ላይ ነው የሚፈጸመው። ይህንንም ጠይቄያቸዋለሁ። ቡና በበልግ መግቢያ ዝናብ ሲነካው ያብባል፤ መቅላት የሚጀምረው ከመስከረም ወዲህ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ለቀማ ነው። በሰፈሩ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ያን ጊዜ ነው። "ሚያዝያ ላይ ማን ማንን ይዘርፋል?" አሉኝ። "የሁሉም ኪስ ባዶ ነው።"

ወደ ጉዴ ልመለስ። ያን ጊዜ ተራው የሰማያዊው ደብተር ነበር። አንድ የቡና ነጋዴ ይገደላል፤ ሴት ልጁ ገዳዩን ትፈልጋለች። ስሟ ሰላም። የመጀመሪያውን ግማሽ እኔ፣ ሁለተኛውን ባልደረባዬ ተየብነው። ልናስረክብ ስንል ጋሼ እየሳቁ መጡ። ጭማቂ ቤት ስፕሪስ ሲጠጡ አንዲት አንባቢያቸው፣ "ያቺ ሰላም እስካሁን አላገባችም?" ብላቸዋለች። ለካ ቀዩ ደብተር ውስጥም ሰላም የምትባል አለች።

"ይቺኛዋን ቤዛ በይልኝ" አሉኝ።

አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሰላምን ፈልግ፣ በቤዛ ተካ። ኮምፒውተሩ 312 ቦታ ተክቻለሁ አለኝ። እኔም ኮራሁ። በዚያው ስም፣ በዚያው ፋይል ላይ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። ጋሼ ከማሳተማቸው በፊት የሚያስነብቧቸው ወዳጆች አሏቸው፤ ለእነሱ 12 ኮፒ አትመን በስፓይራል ጠረዝን።

በሳምንቱ ዝናቡ እየወረደ መጡ። ሌላ ጊዜ "ሰላም ዋላችሁ" ብለው ነው የሚገቡት። ያን ቀን በሩ ላይ ቆሙና ባርኔጣቸውን አውልቀው፣

"ቤዛ ዋላችሁ?" አሉ።

አልገባኝም። ስፓይራሉን ገልጠው ማንበብ ጀመሩ። መርማሪው ለቅሶ ቤት ገብቶ "ቤዛ ለዚህ ቤት ይሁን" ይላል። ሽማግሌው "በቤዛ ነው የመጣኸው?" ይሉታል። ሁለት ፖሊሶች መንገድ ላይ ተገናኝተው "ቤዛታ ተለዋወጡ"። እዚህ ላይ ባልደረባዬ አፏን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ።

የባሰው ገና ነበር። መጽሐፉ እኩሌታ ላይ ቤዛ ትጠፋና ሰላም ትመጣለች። ባልደረባዬ ስሟን በንጉሡ ሠ ነው የጻፈችው። ለእኛ ጆሮ ሰላምና ሠላም አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን ጤፍና ስንዴ ናቸው። ስለዚህ በእኔ ገጾች ላይ የሰው ሁሉ ሰላምታ ሲነካ፣ በእሷ ገጾች ላይ መነካት የነበረባት ልጅ አልተነካችም። ኮምፒውተሩ "ሙሉ ቃል ብቻ" የሚል ምርጫ እንዳለው አውቃለሁ። እሱን ብመርጥ ደግሞ የሰላም፣ ለሰላም፣ ከሰላም የሚሉት ሊቀሩብኝ ነው፤ የእኛ የ እና ለ ቃሉ ላይ ተለጥፈው ነው የሚጻፉት። አንድ ነገር ብቻ ተረፈ። "ሰላማዊ ሰልፍ" የሚለው ቦታ ምንም አልሆነም። ያዳነው ማ ነው፤ ማሽኑ የሚፈልገው ም ነበራ።

ጋሼ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ባለሦስት እግሯን በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡና "በይ፣ ከአንድ ገጽ እንጀምር" አሉ። አራት ምሽት ፈጀብን። አንዱን ምሽት መብራት ሄዶ በስልክ ባትሪ ነው የሠራነው፤ እሳቸው ከደብተሩ ያነባሉ፣ እኔ ወረቀቱ ላይ በቀይ አርማለሁ። ሲመለስ ኮምፒውተሩ ላይ እገለብጠዋለሁ። 312ቱንም በእጅ።

በሦስተኛው ምሽት አንድ ቦታ ደረስን። የነጋዴውን ቡና የሚጭነው ሾፌር ተጠርጥሮ ቃሉን ሲሰጥ፣ "ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሰላም አጣሁ" ይላል። እኔ ወረቀት ላይ ያለው "ከዚያ ሌሊት ወዲህ ቤዛ አጣሁ" ነው። እስክሪብቶዬን ላሳርፍ ስል እጄን ያዙኝ።

"ቆይ። አትንኪው።"

"ስሕተት እኮ ነው ጋሼ።"

"አውቃለሁ። እንደገና አንብቢው።"

አነበብኩት። ዝም አሉ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ "ይህ ሰውዬ ልጅቷን ይወዳት ነበር እንዴ?" አሉ። የጻፉት እሳቸው፣ የሚጠይቁት እሳቸው! ከፌስታሉ ውስጥ ቀዩን ደብተር አወጡ። ሰማያዊ ደብተር ላይ እየሠራን ቀዩን ሲያወጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከመናኸሪያ ካመጧቸው እጆች አንዱን መርጠው ለሾፌሩ ሰጡት፤ ነጋዴው ሲቀበር መኪናው ላይ ሆኖ መስታወቱን ይዞ የሚቀር እጅ። ቀደም ሲል እሱን ለማሳሰር የተጻፉ ሁለት ምዕራፎች ተጣሉ። እኔም እንደ አዲስ ተየብኳቸው። አላስከፈልኩም፤ በምን ፊቴ።

ከዚያ ወዲህ ልማዴ ተቀይሯል። የማንንም ሰነድ፣ የዕድር ደንብም ቢሆን፣ ከመንካቴ በፊት ቀን ጽፌበት ሌላ ኮፒ አስቀምጣለሁ። ለባልደረባዬም ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፌላታለሁ፤ "ሰላም በእሳቱ ሰ" ይላል። ሥሩ ላይ በእስክሪብቶ "ቤዛ ላንቺ ይሁን" ብላ ጽፋበታለች።

ባለፈው ወር ጋሼ አዲስ ሰማያዊ ደብተር ይዘው መጡ። ጉዳዩ ኑዛዜ ነው። አንድ አዛውንት ይሞታሉ፤ በታይፕ የተጻፈው ኑዛዜያቸው ቤትና ቡናውን "ለልጄ ለቤዛ" ይላል። ሁሉም አምኖ ፈርሟል። መርማሪው ብቻ የመጨረሻው መስመር ላይ ይቆማል። "ዐፅሜም በቤዛ እንዲያርፍ" ይላል መስመሩ። መርማሪው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከትና ቀጥ ብሎ ገበያ አጠገብ ወዳለች አንዲት ጠባብ የታይፕ ቤት ይሄዳል።

በሯን ለይቼ አወቅኳት። በርጩማዋን እንኳ አልተዋትም።

"ጋሼ፣ ታይፒስቷን ምን ብለው ሰየሟት?"

ደብተሩን ወደ እኔ አዞሩት። ስሟ በሚገባበት ቦታ ሁሉ ነጠብጣብ ነው።

"ገና አልወጣላትም" አሉ። "ሲወጣላት ግን አንድ በአንድ፣ በእጅሽ ነው የምትጽፊው።"