ሲሪየስን ወደ ሪጄል ቦታ ማራቅ፦ የአንድ ዓመት የሥነ ፈለክ ትምህርቴ

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ሥነ ፈለክን በራሴ ለመማር ስነሣ ያሰብኩት የከዋክብትን ስም ማጥናት ነበር። በደብረ ብርሃን ዳርቻ፣ የመንገድ መብራት በማይደርስበት ሜዳ ላይ ቆሜ ኦሪዮን የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ ከሥዕል ጋር እያመሳከርኩ ለመለየት ሁለት ሌሊት በቃኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን የስም ጥናቱን ያስተወኝ አንድ ጥያቄ መጣ። ኦሪዮንን ተከትሎ የሚወጣው ሲሪየስ በሌሊት ሰማይ ላይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ ይደምቃል፤ በኦሪዮን እግር ላይ ያለው ሪጄልም ደማቅ ቢሆን እርሱን አያህልም። ሲሪየስ የበለጠው በእርግጥ ብዙ ብርሃን ስለሚያመነጭ ነው ወይስ ስለሚቀርበን? ዓመቱን ሙሉ የተማርኩት ከዚህ ጥያቄ የተመዘዘ ስለሆነ በዚያው ቅደም ተከተል አካፍላችኋለሁ።

መጀመሪያ ያደናገረኝ ማግኒቲዩድ የሚባለው የብሩህነት መለኪያ ነው። ከጥንት ግሪኮች የተወረሰ በመሆኑ ደማቆቹን አንደኛ፣ በጭንቅ የሚታዩትን ስድስተኛ ብሎ ይደረድራል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮከቡ ይደምቃል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኖርማን ፖግሰን እ.ኤ.አ. በ1856 ባቀረበው ስሌት መሠረት የአምስት ማግኒቲዩድ ልዩነት በትክክል የ100 እጥፍ፣ የአንድ ማግኒቲዩድ ልዩነት ደግሞ የ2.5 እጥፍ ያህል ነው። ሲሪየስ −1.46፣ ሪጄል 0.13 ስለሆኑ፣ ለዓይናችን ሲሪየስ ከሪጄል 4.3 ጊዜ ያህል ይደምቃል ማለት ነው። ይህ ግን የሚነግረን ወደ ዓይናችን የደረሰውን ብርሃን እንጂ ከኮከቡ የወጣውን አይደለም፤ የወጣውን ለማወቅ ርቀቱ ያስፈልጋል።

የርቀት መለኪያው መሠረት ፓራላክስ ነው፤ ይህም የምንመለከትበትን ቦታ ስንቀይር ቅርብ ያለው ነገር ከሩቁ ዳራ አንጻር ቦታ የለቀቀ መስሎ የሚታይበት ማዕዘን ነው። ጽንሰ ሐሳቡን ሳነበው የተረዳሁት መስሎኝ ነበር፤ በትክክል የገባኝ ግን በእጄ ስሞክረው ነው። ሜዳው ላይ ቆሜ አንድ የመብራት ምሰሶ ከጀርባው ካለው ሩቅ ሸንተረር ጋር የት ላይ እንደሚገጥም ያዝኩ፤ ከዚያ 6 ሜትር ወደ ጎን ሄጄ ስመለከት ምሰሶው በሸንተረሩ ላይ ሁለት ትንሽ ጣት የሚያህል ቦታ ለቅቆ አገኘሁት። ክንድን ዘርግቶ የሚታይ የትንሽ ጣት ስፋት አንድ ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ስሌቱ 172 ሜትር ሰጠኝ፤ በሜትር ስለካው ደግሞ 158 ሜትር ሆነ። ወደ ምሰሶው ሳልጠጋ፣ በጣቴ ብቻ፣ በ9 በመቶ ስሕተት ርቀቱን ማግኘቴ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ይህን ሙከራ ለጀማሪ ሁሉ ከማንኛውም መጽሐፍ አስቀድሜ እመክራለሁ።

ለከዋክብት ሲሆን ወደ ጎን የሚወስደን መሬት በፀሐይ ዙሪያ የምታደርገው ጉዞ ነው፤ በስድስት ወር ልዩነት የምንመለከትባቸው ሁለት ነጥቦች 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ይህም ሆኖ የሚገኘው ማዕዘን እጅግ ጠባብ ነው። መለኪያው የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል የሆነው አርክ ሰከንድ ሲሆን፣ ይህም የአንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነገር ከሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ሲታይ የሚሠራው ማዕዘን ነው። የቅርባችን ኮከብ ፓራላክስ እንኳ አንድ አርክ ሰከንድ አይሞላም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፍሬድሪክ ቤሴል እ.ኤ.አ. በ1838 61 ሲግኒ የተባለውን ኮከብ ፓራላክስ ለክቶ ወደ 0.31 አርክ ሰከንድ ማግኘቱን ያወጀው በዘመኑ ቴሌስኮፕ መሆኑን ሳስብ ለትዕግሥቱ ትልቅ አክብሮት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1989 የተላከችው ሂፓርኮስ የተባለች ሳተላይት ከ100,000 በላይ ከዋክብትን በከፍተኛ ጥራት ለክታለች፤ የሲሪየስ ርቀት 8.6 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት)፣ የሪጄል ደግሞ ወደ 860 የብርሃን ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄዬ የተመለሰው። ሪጄል ከሲሪየስ 100 ጊዜ ይርቃል፤ ብርሃን ደግሞ ከምንጩ ሲርቅ በርቀቱ ስኩዌር ልክ ስለሚሳሳ፣ ሲሪየስን ወደ ሪጄል ቦታ ብናርቀው ብርሃኑ 10,000 ጊዜ ይቀንሳል። 10,000 እጥፍ በማግኒቲዩድ 10 ስለሆነ ከ−1.46 ተነሥቶ 8.5 ላይ ይወድቃል፤ የሌሊቱ ሰማይ ንጉሥ ያለ መሣሪያ ጨርሶ አይታይም ማለት ነው። ሪጄል ግን በዚያው ርቀት ላይ ሆኖ ያበራል፤ 10,000ን ለ4.3 ስናካፍል በዓይን በሚታየው ብርሃን ብቻ ሲሪየስን ከ2,300 ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። ሪጄል እጅግ ሞቃት በመሆኑ ከዓይናችን አቅም ውጭ የሆነ አልትራቫዮሌት ጨረርም በብዛት ስለሚለቅ እውነተኛው ብልጫ ከዚህም ይሰፋል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ በደመና ስለተሸፈነ ይህንኑ ስሌት በሌሎች ከዋክብት ላይ ስደጋግም ከረምኩ።

በዚህ ኅዳር ደግሞ የጓጓሁለትን ኮከብ ፈለግሁ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ለአገራት ባከፋፈለው የስያሜ ዕድል በመዝገብ ቁጥሩ ኤችዲ 16175 የሚባለው ኮከብ ለኢትዮጵያ ደርሶ ኮከቡ ቡና፣ በዙሪያው የምትዞረው ፕላኔት አቦል ተብለዋል። ማግኒቲዩዱ 7.3 ስለሆነ በዓይን ብቻ አይታይም፤ 10 ጊዜ በሚያጎላና የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር በሆነ (10 በ50) ባይኖኩላር ግን ይገኛል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ዞራችሁ አልማክና አልጎል ከሚባሉት ሁለት ኮከቦች መካከል ወደ አጋማሹ ብትመለከቱ ኤም 34 የተባለው የከዋክብት ክምችት ይታያል፤ ቡና ከእርሱ አንድ ዲግሪ ያህል ፈንጠር ብሎ በዚያው የባይኖኩላር ዕይታ ውስጥ ነው። ርቀቱ ወደ 196 የብርሃን ዓመት ስለሆነ ስሌቱን ስሠራው ከፀሐያችን ከ3 ጊዜ በላይ እንደሚያበራ አገኘሁ፤ ጎረቤቱ የሚመስለው ኤም 34 ግን 1,500 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ሁለቱን በአንድ ዕይታ ይዤ ጥልቀቱን ለመገመት ስሞክር ክንዴ እስኪዝል ድረስ ባይኖኩላሩን ማውረድ አልቻልኩም።

አሁን የጀመርኩት አልጎልን መከታተል ነው። አልጎል ራሱ እርስ በርስ የሚዞሩ ሁለት ኮከቦች ስለሆነ፣ እየተጋረዱ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ብሩህነቱ ከ2.1 ወደ 3.4 ይወርዳል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ከአልማክ ጋር እያነጻጸርኩ የመዘገብኩትን ግራፍ በሚቀጥለው አመጣላችኋለሁ።