አንዱ ይጠራል፣ አንዱ ይሞላል

የተማሪዎችን ውጤት የምንሞላበት ሮስተር ዛሬ አለቀ። የሴሚስተር ማብቂያ ላይ የመምህራን ማረፊያችን ጠረጴዛ ሁሉ በማርክ ሊስት ይሸፈናል፤ ሁለት ሁለት ሆነን እንቀመጣለን። አንዱ ይጠራል፣ አንዱ ይሞላል። «ሰማንያ ሁለት። ሰባ ዘጠኝ። አልተፈተነችም። ሃምሳ አንድ።» ብቻውን የሚሞላ ሰው መስመር ይዘላል፣ የአንዱን ልጅ ውጤት ለሌላው ይጽፋል፤ ስለዚህ ጥንድ የግድ ነው።

የእኔ ጥንድ የባዮሎጂ መምህሩ ነው። ከስም ወደ ስም ስናልፍ ልጆቹን እናነሳለን። ይቺ አባቷ ከሞቱ ወዲህ ነው የወረደችው፤ ይሄኛው ሰኞ ሰኞ እናቱን ለማገዝ ገበያ ስለሚውል ይቀራል። ከልጆቹ ወደ ራሳችን እንሻገራለን፤ ወደ ቤት ኪራይ፣ ወደ ታመመች እህት። እርሱ የሰው ጉዳይ ሲሰማ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ይህን ጠባዩን በየትኛውም የማነቃቂያ ስልጠና ላይ አላየሁበትም፤ ያየሁት ሮስተር ስንሞላ ነው።

ደሴ ላይ መምህር መሆን የከበደበት ጊዜ አልፏል። በ2014 ጦርነቱ አልፎ ስንመለስ ብዙ ክፍሎች ወንበር አልነበራቸውም። የዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ውጤት ደግሞ ጥር 2015 ላይ ሲነገር በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ መምህሩን ይጠይቅ ነበር። በዚያ ሰሞን አንጋፋው የሒሳብ መምህር ስብሰባ አልጠሩም። «አብሽሩ፣ ቅዳሜ ቱቶሪያል እገባለሁ፤ ማን አብሮኝ ይገባል?» ብቻ አሉ። ቅዳሜ ጠዋት የእንግሊዝኛው፣ የፊዚክሱ፣ የጂኦግራፊው መምህር በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

ከሁሉ የማልረሳው ግን 2016 ነው። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ፤ ሰኞ፣ መጋቢት 2። የእረፍት ሰዓት ጀበና ዝም አለ፤ ጨዋታው ግን አልቀረም። አንዷ የታሪክ መምህርት ወደ ሒሳቡ መምህር ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ የመጨረሻዋን ክፍለ ጊዜ እኔ ልግባልዎት፣ እርስዎ ለማፍጠሪያ ይድረሱ» ስትላቸው ሰማሁ። ለጸሎተ ሐሙስ እሳቸው የእሷን ክፍል ያዙላት። ማንም በደብዳቤ አላዘዛቸውም። ወሎ ላይ ያደገ ሰው ይህን እንደ ብርቅ አያወራው ይሆናል፤ እኔ ግን ትምህርት ቤታችንን ያቆመው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ደመወዝ ወር ሳይሞላ በሚያልቅበት ዘመን በተለይ።

ዘንድሮ የመጣችው የኬሚስትሪ መምህርት አገሩ ገና አልለመዳትም፤ በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ደብተር ስታርም ትቆያለች። ዛሬ ከእኛ ጠረጴዛ አስቀመጥናትና ማርክ ጠራችልን፤ ድምጿ ጥርት ያለ ነው። ሰኞ ደግሞ እኔና የባዮሎጂ መምህሩ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገብተን የዓርቡን ስብሰባ ከቡናው ሰዓት ላይ እንዲያነሱልን እንጠይቃቸዋለን።