በኀዘን መካከል የሚቀርብ ምስጋና

ኀዘን የደረሰበት ክርስቲያን አዘውትሮ ከሚሰማቸው ቃላት አንዱ፣ ኢዮብ ልጆቹንና ሀብቱን ባጣ ጊዜ የተናገረው «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ፤ የእግዚአብሔር ስም የተባረከ ይሁን» የሚለው ነው። እናቴ ባረፈች ጊዜም ሆነ ታናሽ ወንድሜ በተከተላት ጊዜ ይህን ቃል ከብዙዎች አንደበት ሰምቻለሁ። ቃሉ እውነት ነው፤ አምነዋለሁም። ነገር ግን ለማጽናናት የሚጠቅሱት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አያልፉም፤ መጽሐፈ ኢዮብ ግን 42 ምዕራፎች አሉት።

በምዕራፍ 3 ያው ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ከዚያ በኋላም እግዚአብሔር ፊቱን ለምን እንደ ሰወረበት ይጠይቃል፣ ይሟገታል፣ መልስ እንዲሰጠው ይማጸናል። ሦስቱ ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በምድር ላይ ተቀምጠው ዝም ባሉ ጊዜ መልካም አድርገው ነበር፤ እንዲያውም ካደረጉት ሁሉ የሚበልጠው ያ ዝምታ ይመስለኛል። አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ግን ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙ እየመሰላቸው የቆሰለውን ሰው ከሰሱት። በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቍጣ የነደደው በእነርሱ ላይ ነበር፤ ስለ እርሱ ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ መሆኑን እርሱ ራሱ መሰከረ፤ እነርሱም ምሕረት ያገኙት ኢዮብ ስለ ጸለየላቸው ነው። ስለዚህ ልቅሶውንና ጥያቄውን ወደ እግዚአብሔር ያቀረበን ሰው «እምነቱ ደከመ» ለማለት የሚቸኩል ሁሉ ይህን ፍርድ ቢያስብ እወዳለሁ።

ምስጋናና ኀዘን በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን ጌታችን አልፎ የተሰጠበት ሌሊት ነው። በዚያች ሌሊት ሥጋው እንደሚቈረስ እያወቀ እንጀራን አንሥቶ አመሰገነ። ከማዕዱ ተነሥቶ ወደ ጌቴሴማኒ በሄደ ጊዜ ደግሞ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» አለ፤ ጽዋው ከእርሱ እንዲያልፍም በምድር ላይ ወድቆ ለመነ። ምስጋናው ኀዘኑን አላስቀረለትም፤ ኀዘኑም ምስጋናውን ሐሰት አላደረገበትም። ሐዋርያው ጳውሎስም እንዲሁ ነበር። «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» ብሎ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈበት በዚያው መልእክት ውስጥ፣ አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ እንደ ነበር ሲያወሳ፣ እግዚአብሔር የማረው «ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርብኝ» ለእኔም ጭምር ነው ይላል። በእስራት ሆኖ ደስታን የሚሰብከው ሰው የወዳጁ ሞት ልቡን እንደሚሰብረው ሳይሸሽግ ጻፈ።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በሠላሳው ዓመት ጦርነት ወቅት፣ ማርቲን ሪንካርት የተባለ መጋቢ በጀርመን አገር በኢለንቡርግ ከተማ ያገለግል ነበር። በ1637 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከተማይቱን ወረርሽኝ በመታት ጊዜ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን ቀበረ፤ ከእነርሱም አንዷ የገዛ ሚስቱ ነበረች። እርሱ የደረሰው የምስጋና መዝሙር ዛሬም በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ይዘመራል። ከእንዲህ ዓይነት ሰው አንደበት የወጣ ምስጋና ሲሆን ልቤ ይቀበለዋል።

እንግዲህ ያዘነ ሰው የሚያመሰግነው ስለ ምንድር ነው? እኔ ስለ ሞት ላመሰግን አልችልም፤ ቅዱስ መጽሐፍም ሞትን የኋለኛው ጠላት ይለዋል እንጂ ወዳጅ አይለውም። ጌታችንም አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደ ሆነ እያወቀ እንባውን አፈሰሰ። የማመሰግነው ስለ ተሰጡኝ ሰዎች ነው። እናቴ ጸሎትን ከአንደበቷ እየሰማሁ እንዳድግ ስላደረገችኝ፣ ወንድሜ በተጣላን ቁጥር አስቀድሞ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ስለ ነበር፣ ሁለቱም በትንሣኤ ተስፋ ስላንቀላፉ አመሰግናለሁ። ስማቸውን ጠርቼ ባመሰገንሁ ቁጥር ናፍቆቱ ይብስብኛል፤ ቢሆንም ከመሸሽ ይልቅ ናፍቆቱን ከነምስጋናው መያዝን መርጫለሁ። ወንድሜ በለጋ ዕድሜው ስለ ምን እንደ ተወሰደ ግን እስካሁን አልተገለጠልኝም፤ ጥያቄውን ከጸሎቴ አላወጣሁትም፤ ማውጣትም የሚገባኝ አይመስለኝም።

ማመስገን ፈጽሞ ያቃተኝ ጊዜም አለ። በእነዚያ ቀናት የሚያጽናናኝ በቅፍርናሆም አራት ሰዎች የተሸከሙት ሽባ ታሪክ ነው። ጣራውን ነድለው ባወረዱት ጊዜ ጌታ እምነታቸውን አይቶ ኃጢአቱን ይቅር እንዳለው ወንጌላዊው ማርቆስ ይናገራል፤ ስለ ሽባው ቃል አንዳች አልተጻፈም። እኔም ቃል ባጣሁ ጊዜ ወንድሞችና እኅቶች በቤቴ ተቀምጠው በእኔ ፈንታ ጸልየዋል፣ አመስግነዋል፤ ከእኔ የሚጠበቀው «አሜን» ማለት ብቻ ነበር። ዛሬ ለቅሶ ቤት ስገባ እኔም ያዘነውን ሰው «አመስግን» አልለውም፤ ከጎኑ ተቀምጬ፣ እርሱ ከፈቀደልኝ፣ ስላጣው ሰው እግዚአብሔርን አመሰግንለታለሁ።