515 አምጥቶ ጋቢ የተከናነበው ዶክተራችን

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ነው። ገና የወተት ጥርሱ ሳይወልቅ "ዶክተር" የሚል ስም ስለወጣለት፣ ደሴ ያለነው ዘመዶቹ ዋናውን ስሙን የምንጠራው ባንክ ቤት ሄደን "ላኪው ማነው?" ስንባል ብቻ ነው። አያቴ በስልክ ባገኙት ቁጥር ጉልበታቸውን ከየት ጀምሮ እስከየት እንደሚያማቸው በዝርዝር ይነግሩታል። እሱ "ኦኬ እማማ" ይላል። እሳቸው "ልጄ አከመኝ" ብለው ስልኩን ይመልሳሉ።

ዘንድሮ ዲግሪውን ጨርሶ ግንቦት ላይ መጣ። ኮምቦልቻ ኤርፖርት ተቀብለነው የሐረጎን ዳገት ስንወጣ እኛ ገደሉን እያሳየን እናስጎበኘዋለን፣ እሱ ስልኩ ላይ ተደፍቷል። ለካ ከመምጣቱ በፊት የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ተፈትኖ ኖሮ፣ ውጤቱ የሚወጣው እኛ ጋ እያለ ነው።

ፈተናው ኤምካት ይባላል። እዚያ አገር ሕክምና ለመግባት መጀመሪያ ዲግሪ ይያዛል፤ ከዚያ ይህን ወስዶ ማመልከት ነው። ከነእረፍቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል ሲለን አያቴ አፋቸውን ይዘው "ምጥ ነው እንዴ?" አሉ። አራት ክፍሎች አሉት። አንዱ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ነው፣ አንዱ ባዮሎጂ፣ አንዱ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ። የቀረው ምንም ሳይንስ የሌለበት ንባብ ነው፤ ስለ ፍልስፍና ወይም ስለ ሥነ ጥበብ የተጻፈ ድርቅ ያለ ጽሑፍ ይሰጥህና "ጸሐፊው ምን ለማለት ፈልጎ ነው?" ትባላለህ። ይቺን ክፍል ያዙልኝ።

ውጤቱ የሚለቀቀው በምሥራቅ አሜሪካ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ያ ማለት ደሴ ላይ ሌሊት 6 ሰዓት። ማን ይተኛል? አቦሉም ቶናውም አልቆ በረካው ተጥዷል፣ እጣን ይጨሳል፣ አያቴ ዱአ እያደረጉ ነው። እንደ ልማዷ መብራት ሄደች። ዶክተር የስልኩን ዳታ ከፍቶ ገጹ ይዞርበታል፣ ይዞርበታል፣ አጎቴ ከኋላው በባትሪ ያበሩለታል፤ ስልክ ራሱ እንደሚያበራ ማንም አልነገራቸውም።

ገጹ ተከፈተ። ልጁ ዝም አለ። አጎቴ ስልኩን ከእጁ ነጥቀው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡ።

"515!"

"ከስንት?" አልን በአንድ ድምፅ።

"ከ528!"

አጎቴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ካልኩሌተር እንደ ስድብ ነው የሚያዩት። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው "97 ነጥብ 5 ከመቶ" አሉ። አክስቴ እልል አለች። ጎረቤት እልል አለ፤ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ። ዶክተር "ኖ፣ ኖ፣ ጋሼ፣ ቆይ" እያለ እጁን ያወዛውዛል፤ ማን ይሰማዋል? ትሑት ነው ተባለ። "አስተዳደጉ ነው" አሉ አያቴ።

እኔ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። በዚህ የተነሳ በቤታችን እንግሊዝኛ የተጻፈበት ነገር ሁሉ፣ የሻምፖ ጀርባም ቢሆን፣ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ዶክተር ጋቢ ተከናንቦ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። "ምነው?" ስለው ስልኩን ሰጠኝ። አራት ቁጥሮች ተደርድረዋል፦ 131፣ 121፣ 131፣ 132። ሁለተኛዋ ንባብ ናት።

"121ም እኮ ጥሩ ነው" አልኩት።

"ትንሹ 118 ነው" አለኝ።

"የማን ትንሹ?"

"የሁሉም። ምንም ባትመልሺ 118 ይሰጡሻል።"

እንዲህ ነው ነገሩ፦ እያንዳንዱ ክፍል ከ118 ጀምሮ 132 ላይ ያልቃል። የአራቱ ድምር ከ472 ይጀምራል ማለት ነው። አያቴን ከነጉልበታቸው ወስደን ብናስፈትናቸው፣ አንድም ጥያቄ ሳይመልሱ 472 ይዘው ይመለሳሉ። በአጎቴ ስሌት ይሄ ከመቶ 89 ነው!

ይህን ለአጎቴ ለማስረዳት ዞር ስል እሳቸው የሉም። በማለዳ በግ ተራ ወርደዋል። ሲመለሱ ቀንዱ የተጠማዘዘ ሙክት እየጎተቱ፣ ከኋላ የሰፈሩ ሕፃናት እየገፉት ነው። እዚያው በጉ ገመድ በእጃቸው እንዳለ ነገርኳቸው። ገመዱን ለአንዱ ልጅ ሰጡና እስክሪብቶ ጠየቁኝ። በኪሴ በነበረ የአሞክሳሲሊን ካርቶን ጀርባ ላይ 472ን ቀነሱ። 43 ለ56። "76 ነጥብ 8" አሉ ቀዝቀዝ ብለው። ትንሽ አሰቡ። "ደግ ነው። በግ ያሳርዳል።"

ከዚያ በየክፍሉ ወረዱ። ኬሚስትሪና ፊዚክስ 93 ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ባዮሎጂም ያው። ሳይኮሎጂ መቶ። ንባብ ላይ ሲደርሱ ሦስት ለ14 አካፈሉና እስክሪብቶውን ጣሉት። "ሃያ አንድ?! የማን ልጅ ነው ሃያ አንድ ያመጣው?"

ዶክተር ከጋቢው ውስጥ ሆኖ ነጥቡ እንዲህ በመቶኛ እንደማይሰላ፣ በፈተናው ክብደት እየተመዛዘነ እንደሚሰጥ፣ መሐሉ 500 እንደሆነ፣ 515 ያመጣ ሰው ከመቶ ተፈታኝ 90 ያህሉን እንደሚበልጥ ለማስረዳት ሞከረ። "ሒሳብ ሒሳብ ነው!" አሉት አጎቴ።

ወሬው ግን ቀድሞን ወጥቷል፤ ወጥቶም በሁለት መንገድ ነው የሄደው። የሌሊቱን እልልታ የሰሙት "እንኳን ደስ ያላችሁ" እያሉ ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። ጠዋት ልጁ ተከናንቦ ደጃፍ ላይ ሲቆዝም ያዩት ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው "አብሽር፣ አላህ የተሻለውን ያመጣል" እያሉ መጡ። በሩ ላይ ተገናኙ። አንዲት ጎረቤታችን እልልታዋን ጀምራ፣ ከፊቷ ነጠላ ያዘቀዘቀች ሴት ስታይ ግማሹን ዋጠችው። አንድ ሽማግሌ ሁለቱንም እንዳያጡ "እግዜር ያጽናህ፣ እንኳን ደስ ያለህ" ብለውት ተቀመጡ። እኔ በበኩሌ ለዚህ ውጤት ከዚህ የተሻለ አቀባበል ያለ አይመስለኝም።

በጉ ታርዶ ጥብሱ ሲቀርብ የአያቴ ምርመራ ተጀመረ። ዶክተር አልበላም ብሏል። አያቴ ጎርሰው ያጎርሱታል፦ "ብላ በሞቴ! አፈር ስሆን!"

ልጁ ደንግጦ ወደ እኔ ዞረ። "ለምን ትሞታለች? ምን አገኛት?" አለኝ።

አያቴ ጉርሻውን እንደያዙ ፈዘው ቀሩ። ቀስ ብለው ወደ አጎቴ ዞረው "ያዝከው?" አሉ። "ይሄ ልጅ የሚሰማው ቃሉን ነው። ሰውየውን አይሰማም። ታዲያ ሃያ አንድ ያንሰዋል?"

ቤቱ ጸጥ አለ፤ ምክንያቱም እውነት ነው። ከመጣ ጀምሮ አያቴ "ብርድ ገባ" ሲሉ የአየሩን ሙቀት ከስልኩ ያነብላቸዋል እንጂ በር አይዘጋም። እንግዳ "በቃ ልሂድ" ሲል ብድግ ብሎ ጫማውን ያቀብላል። አንዷ ዘመዳችን "ምንም አልያዝኩም፣ ባዶ እጄን መጣሁ" ብላ ፌስታሏን ስታስቀምጥ "ኢትስ ኦኬ" ብሏታል።

አጎቴ ግን አልተዋጠላቸውም። "እኛ ዘንድ ድምር ነው የሚታየው!" ይላሉ። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከ600 ግማሹን፣ 300 ካመጣ አለፈ ነው፤ በአንዱ ቢወድቅ ሌላው ያነሳዋል። ዶክተር እንደሚለው እዚያም ድምሩ ይታያል፣ ግን አንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ለየክፍሉ ዝቅተኛ ነጥብ አስቀምጠዋል። ካናዳ ውስጥማ ማክማስተር የሚባል ዩኒቨርሲቲ ከኤምካት ውስጥ የሚያየው የንባቡን ክፍል ብቻ ነው አለን። "ሦስቱን ምን ያደርጓቸዋል?" አሉ አጎቴ። ምንም አያደርጓቸውም። ለአንድ የሒሳብ መምህር ከዚህ የከፋ ወሬ የለም።

አንዱ የሰፈራችን ሰው ነገሩን ሊያቀል ፈልጎ "ሐኪም ይጻፍ እንጂ ማንበብ ምን ይሠራለታል?" አለና ሁሉም ወደ እኔ እያየ ሳቀ። የሚጽፉትን የማነበው እኔ ነኛ! እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ከፈታኞቹ ጋር ነኝ። መስኮቴ ጋ የሚመጣ ሰው መቼ ነው የልቡን ተናግሮ የሚያውቀው? "ለጓደኛዬ ነው" ይላል፤ ፊቱን አይተህ የራሱ መሆኑን ታውቃለህ። "ሆዴን ትንሽ ይለኛል" ያለች እናት ሁለት ቀን እንቅልፍ አላየችም። "መድኃኒቱን ጨርሻለሁ" ያለ ሰው ደህና ሲሆን ከመሐል አቋርጦታል። ባዮሎጂ ላይ 131 ያመጣ ልጅ እነዚህን ሁሉ ቃል በቃል ተቀብሎ ወደ ቤታቸው ይሸኛቸዋል።

ማታ ምክር ተቀመጥን። ያመልክት ወይስ ደግሞ ይፈተን? ፈተናው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ይፈቀዳል፣ በዕድሜ ልክ ሰባት ጊዜ ነው። ግን የድሮው ውጤት አይጠፋም፤ ትምህርት ቤቶቹ ሁለቱንም ያዩታል፣ ሁለተኛው ከወረደ ጉድ ነው። ማመልከቻው ደግሞ ቶሎ ያስገባ ይጠቀማል፤ እየገመገሙ፣ እየጠሩ፣ ቦታውን እየሞሉ ነው የሚሄዱት። ዞሮ ዞሮ ማመልከቻውን አሁን አስገብቶ ወረፋውን እንዲይዝ፣ ነሐሴ መጨረሻ ደግሞ እንዲፈተን ተወሰነ። አያቴ እስከዚያ እኔ ጋ ይቆይ፣ አስተምረዋለሁ አሉ። ማስተማር ጀምረዋልም። "ዛሬ ቡናው ቀጠነ መሰል" ይሉና ያዩታል። እሱ ሲኒውን ወደ ብርሃን አንስቶ ይመረምራል።

አጎቴም በበኩላቸው "እስቲ ያቺን ጥያቄ አምጣት" አሉ። ላፕቶፑን ከፍቶ ስለ አንድ የሕንፃ ሐያሲ የተጻፈ የመለማመጃ ጽሑፍ አወጣልን። እኔ እየተረጎምኩ፣ እሳቸው እያዳመጡ ሄድን። ከጽሑፉ ውጭ የምታውቀውን ማምጣት ክልክል ነው ሲባሉ "የተማርኩትን የት ላስቀምጠው?" አሉ። የመጀመሪያውን ጥያቄ "ለ" መለሱ። ተሳሳቱ። ዶክተር "ለ ትክክል ነው፤ ግን መ የበለጠ ትክክል ነው" አላቸው።

አጎቴ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሱ።

"ከትክክል በላይ ትክክል አለ?"

"አለ ጋሼ።"

"ሁለት ሲደመር ሁለት አራት ነው፤ ከዚያ የበለጠ አራት አለ ልትለኝ ነው?"

ልጁን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። ወረቀት አውጪ አሉኝ። አወጣሁ። ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አስጻፉኝ፣ "ለአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር፣ ዋሽንግተን ዲሲ" አስባሉኝ፣ ከሥሩ በደማቁ እንዲሰመርበት አዘዙ፦ "ጉዳዩ፦ የንባብ ውጤት እንዲስተካከልልን ስለመጠየቅ።" አካሉን ራሳቸው በቃል እየነገሩኝ ነው፤ እስካሁን ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሰናል፣ ግልባጭ ለማን ለማን እንደሚደረግ ገና እየተወያየን ነው። አያቴ ማኅተም ይኑረው ብለዋል፤ የእድራችንን ማኅተም የያዘው ሰውዬ ነገ ከኮምቦልቻ ይመለሳል።