ግማሽ በግማሽ

ስለ ፖምፔይ ትል የሚያወራ ሰው ሁሉ ከ81 ነው የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪዎች ትሉ የሚኖርበት ቱቦ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ሰደው ሲያነቡ፣ ጅራቱ ባረፈበት ጫፍ አማካዩ እስከ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርስ ነበር፤ አንዳንዴም ከ81 በላይ ይዘላል። ጭንቅላቱን በሚያወጣበት አፍ ላይ ግን 22 ገደማ ነው። ከአንድ ስንዝር ባነሰ ገላ ላይ ይህን ያህል ልዩነት! የሰማ ሁሉ ይገረማል፣ ቁጥሩንም ይቀባበለዋል። እኔን ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው፤ ግማሽ። ወደ እሱ ከመድረሴ በፊት ስለ ቦታው ትንሽ ልጻፍ፣ በኋላ ሳነበው ነገሩ እንዳይጠፋብኝ።

ቦታው በምሥራቅ ፓስፊክ ከባሕር በታች የተዘረጋው የተራራ ሰንሰለት ነው፤ ከውሃው ገጽ 2,500 ሜትር ያህል ወደ ታች። እዚያ የምድር ቅርፊት ተሰንጥቆ ይራራቃል። በስንጥቁ የሰረገው የባሕር ውሃ ከታች ባለው ትኩስ ዐለት ግሎ፣ ማዕድን አሟሙቶ፣ 350 ዲግሪ ደርሶ ተመልሶ ይወጣል። ግን አይፈላም፤ በላዩ የተጫነው ግፊት እኛ ከለመድነው የአየር ግፊት 250 እጥፍ ስለሆነ። ዙሪያው ያለው ውሃ ደግሞ 2 ዲግሪ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ማዕድኑ እየረጋ የሚጨስ ምሰሶ ይሠራል። አልቪን የተባለችው ጠላቂ መርከብ እነዚህን ምሰሶዎች በ1979 አገኘች። ግድግዳቸው ላይ የሚኖረውን ትል ዳንኤል ዴብሩዬርና ሉሲየን ሎቢዬ በ1980 አልቪኔላ ፖምፔያና ብለው መዘገቡት። ስንጥቦቹ ቀይ ናቸው፤ ቱቦውን ከራሱ አመንጭቶ ይገነባል፤ ጀርባው ላይ ግራጫ ጸጉር የሚመስለው ነገር ጸጉር ሳይሆን የባክቴሪያ ክር ነው።

አሁን ወደ 81 ልመለስ። የተለካው ቱቦው እንጂ ገላው አይደለም። ገላውን ለመፈተን ትሉን በሕይወት ማውጣት ያስፈልግ ነበር፤ ግፊቱ ሲቀንስበት ደግሞ ይሞታል። በ2013 የወጣው ጥናት ይህን ችግር ፈታው፦ ትሎቹን ከነግፊታቸው አምጥተው እዚያው ግፊት ውስጥ አሞቋቸው። 42 ዲግሪን ቻሉት። ከ50 እስከ 55 ግን ገደላቸው። ነገሩ ከዚያ በፊትም ፍንጭ ነበረው፤ የቆዳውን ጅማት የሚሠራው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን 45 ዲግሪ አካባቢ ላይ መፍረስ ይጀምራል። ከሌሎች የባሕር ትሎች ጋር ሲነጻጸር ይህም ብዙ ነው፤ በዚያው ሰፈር የሚኖረው ግዙፉ የቱቦ ትል፣ ሪፍቲያ፣ ኮላጅኑ ከ30 ዲግሪ በታች ነው የሚፈርሰው።

ዝናው የቀነሰ መስሏቸው የተከፉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ትሉን ከዚህ በኋላ ነው ይበልጥ የወደድኩት። 80 ዲግሪ የሚችል እንስሳ ተአምር ነው፣ ከተአምር ጋር ደግሞ አይወያዩም። 42 ችሎ በ55 የሚሞት፣ ግን ከ300 ዲግሪ ውሃ ጥቂት ሴንቲሜትር ርቆ ቤት የሚሠራ እንስሳ ግን ጥያቄ አለው፦ በዚያ ጠባብ መካከል እንዴት ይኖራል?

ግማሹ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ፎስፎግሉኮሙቴዝ የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም በሴል ውስጥ ኬሚካዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ አለ፤ እኛም ውስጥ አለ። ሥራው ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ከተከማቸ ስኳር በሚወጣው ግሉኮስ ላይ የፎስፌቱን ቁራጭ ከአንዱ ጠርዝ አንስቶ ሌላው ላይ ያኖራል፣ ስኳሩ ወደ ማቃጠያው መንገድ እንዲገባ። በፖምፔይ ትል ይህን ኢንዛይም የሚሠራው ጂን አራት ዓይነት ቅጂ አለው። ሁለቱ ይበዛሉ፤ ተመራማሪዎቹ 90 እና 100 ይሏቸዋል። ቁጥሮቹ ሙቀት አይደሉም፣ ፕሮቲኑ በጄል፣ ማለትም ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ በሚለያዩበት ዝልግልግ ንጣፍ ውስጥ፣ የሄደውን ርቀት ነው የሚያሳዩት።

ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለ ጄል ሠርቼ ስለማውቅ ይህን ሳነብ እጄ አስታወሰው። ከእንስሳው የተፈጨ ሥጋ ያጠጣኸውን ቁራጭ ወረቀት ስታርች ጄሉ ውስጥ ትሰካለህ፤ ኤሌክትሪክ ትለቅበታለህ፤ ፕሮቲኖቹ እንደ ቻርጃቸው አንዱ ይቀድማል አንዱ ይዘገያል። ከዚያ ጄሉን በቀጭን ሽቦ ሸንሽነህ፣ ቀለሙን አፍስሰህ፣ ጨለማ ውስጥ ሞቅ አድርገህ ታስቀምጠዋለህ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀስ እያለ ወይን ጠጅ የመሰለ ጭረት ይወጣል። ከእናትና ከአባቱ አንድ ዓይነት ቅጂ የወረሰው አንድ ጭረት፣ ሁለት ዓይነት የወረሰው ሁለት ጭረት ያሳያል። የዘር ልዩነት ምን እንደሆነ ብዙ ገጽ አንብቤ ያልገባኝ ያን ቀን ነው የገባኝ።

በ2004 የታተመው ሥራ የትሎቹን ጭረት ከሰፈራቸው ጋር አስተያየው። ገና በተፈጠሩ፣ አሁንም በሚፋጁ ምሰሶዎች ላይ ቅጂ 90 ይበዛል። በቆዩና በበረዱት ላይ ይቀንሳል። የቱቦው አፍ በሞቀ ቁጥር 90 ይጨምራል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሁለቱን ኢንዛይሞች ሲያሞቋቸውም 90 ሙቀቱን የተሻለ ቻለ፤ ከፍ ባለ ሙቀት ላይም የተሻለ ሠራ። በጠቅላላው ሕዝብ ሲቆጠሩ ግን ሁለቱ ግማሽ በግማሽ ገደማ ናቸው!

እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። ሙቅ ቦታ የሚኖር ትል፣ ሙቀት የሚችል ቅጂ እያለው፣ ለምን ሁሉም እሱን አልያዘም? መልሱ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ምሰሶ አይበረክትም። ይወለዳል፣ ይፋጃል፣ ይበርዳል፣ ይዘጋል፤ ሌላው ከጎኑ ይበቅላል። 90ን የሚመርጥ ቦታ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አይመርጠውም። ሁለተኛው ከኢንዛይሙ ራሱ ነው። ሙቀት የሚችለው ፕሮቲን አወቃቀሩ ጠንካራ ነው፤ ጠንካራ ደግሞ በቀዝቃዛ ቦታ ለሥራው እንደ ልብ አይታጠፍም። አንዱን ስታተርፍ ሌላውን ትከፍላለህ። በ2022 የወጣ ጥናት ልዩነቱን እስከ ሥሩ ተከትሎት ፕሮቲኑ ከተገጣጠመባቸው ቁራጮች፣ ከአሚኖ አሲዶቹ፣ ሁለቱ ላይ ደረሰ፦ በ155ኛውና በ190ኛው ቦታ ግሉታሚክ አሲድ በግሉታሚን ሲተካ። ከመቶዎች መካከል ሁለት ብቻ።

ልጆቹ ደግሞ ሌላ ጉድ ናቸው። በ2001 የታተመ ሙከራ የትሉን ፅንሶች በተለያየ ሙቀት አቆያቸው። በ2 ዲግሪ እድገታቸው ቆመ፣ ግን አልሞቱም። ወደ 10 እና 14 ሲወሰዱ ከቆሙበት ቀጠሉ። በ20 ሞቱ። የሙቀት ጀግና የሚባለው ፍጡር ልጁ 20 ዲግሪ አይችልም! በቀዝቃዛው ጥልቅ ውሃ ግን እድገቱን አቁሞ ሩቅ ሊጓዝ፣ አዲስ ምሰሶ ደጃፍ ሊደርስ ይችላል። ይዞት የሚሄደው 90 ይሁን 100፣ የሚደርስበት ምሰሶ ምን ያህል እንደሚፋጅ አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ «ይህ ትል ከሙቀት ጋር ተላምዷል» የሚለው አነጋገር አሁን ይጎረብጠኛል። የትኛው ትል? 90 የያዘው በሚፋጀው ላይ፣ 100 የያዘው በበረደው ላይ። የተላመደው ሕዝቡ ነው፤ መላመዱም ያለው በመካከላቸው ባለው ልዩነት ውስጥ ነው። የባሕር ሙቀት ስለመጨመሩ በወጡ ዘገባዎች ላይ ዝርያዎች በስም ተዘርዝረው፣ ከፊታቸው አንድ አንድ የሙቀት ጣሪያ ተጽፎ ሳይ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። ስሙ ራሱ ሊያታልል ይችላል። ካፒቴላ ካፒታታ የሚባለውን የጭቃ ትል የተበከለ ባሕር ምልክት አድርገው ሲቆጥሩት ኖረዋል፤ ጁዲት እና ፍሬድሪክ ግራስል በ1976 በዚያው በጄል ዘዴ ሲፈትሹት አንድ ትል ሳይሆን መልካቸው የሚመሳሰል ስድስት ዝርያዎች ሆነው አገኟቸው።

በሌላ በኩል ልዩነት ሁሉ የዘር ነው ማለትም አይቻልም። በሰሜን ባሕርና በነጭ ባሕር የሚኖሩት የአሸዋ ትሎች፣ አሬኒኮላ፣ ሲነጻጸሩ የቀዝቃዛው፣ የነጭ ባሕሩ፣ ትል ሴሎች ብዙ ሚቶኮንድሪያ፣ ማለትም ለሴሉ ኃይል የሚያመነጩ ክፍሎች፣ አሏቸው። ይህን የወረሰው ነው ወይስ ብርዱ ራሱ እያሳደገ ያበዛበት? ያን ለመለየት ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ውሃ ማሳደግና ልጆቻቸውን መጠበቅ ያስፈልጋል። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን አቋራጭ የለውም።

የፖምፔይ ትልን በተመለከተ ያ ጥርጣሬ የለም፤ ጂኑ ተነቧል። የምድር ወገብን ተሻግረው የተለያዩት የሰሜኖቹና የደቡቦቹ ሕዝቦች ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ተነጣጥለዋል፤ ሁለቱ ዓይነት ኢንዛይሞች ግን ከዚያም በፊት አብረው የነበሩ ይመስላል።